አርባው ሳይወጣ “ሃርድ ዲስኩ የት ነው?”

ወገኖቼ፣ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው። እኔም ከናንተው አንዱ ነኝና ቁጣው ለራሴም ይደርሰኛል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ዘፋኝ አርፎ ለቅሶ ደረስኩ። ስሙን አልጠራም፣ ቤተሰቡ አለ። ከተቀበረ ገና ሁለተኛ ቀኑ ነው። ድንኳኑ ሞልቶ ሰው ደጅ ቆሟል። ከፊቴ የተቀመጠ አንድ ወጣት ንፍሮውን እየቆረጠመ ወደ ሟቹ ወንድም ጠጋ አለና “እግዜር ያጽናችሁ” አለው። ደግ አደረገ። ትንሽ ቆየና ቀጠለ፦ “የጀመረው አልበምስ እንዴት ሆነ? ሃርድ ዲስኩ ማን ጋ ነው?” ወንድምየው አልመለሰለትም። ነጠላውን ወደ አፉ ሳብ አደረገና ፊቱን ወደ በሩ አዞረ።

ልጁ ክፉ ሰው አልነበረም። ዘፋኙን ይወደዋል፣ ግጥሞቹን ከነአዝማቻቸው በቃሉ ያውቃል። ነገሩ የተበላሸው እዚሁ ላይ ነው። የወደድነውን ሰው እንደ ራሳችን ዕቃ መቁጠር ለምዶብናል።

ዘፋኝ ሲሞት የምናደርገውን እስቲ ልብ በሉት። መጀመሪያ ቀን ሁላችንም ፎቶውን እንለጥፋለን። ሰልስቱ ሳይወጣ ወሬው ይጀምራል። “ሙሉ አልበም ጨርሶ ነበር።” “አሥራ አራት ዘፈን አለ።” “ኧረ ሠላሳ ነው፣ አንድ የቅርብ ሰው ነግሮኛል።” በዚህ አገር የቅርብ ሰው የሌለው የለም። በሳምንቱ ቁጥሩ እውነት ሆኖ ያርፋል። በወሩ ደግሞ ክስ ይሆናል። “ሚስቱ ደብቃው ነው።” “አቀናባሪው ሸጦታል።” ማስረጃው ምንድን ነው ሲባል፣ ቲክቶክ ላይ አንድ ሰው መኪና ውስጥ ሆኖ ተናግሯል።

“ሙት ወቃሽ አያድርገኝ” ማለት የምንወድ ሰዎች ነን። እውነትም ሙቱን አንወቅስም። ሚስቱን ነው የምንወቅሰው።

እዮብ መኮንንን አስታውሱት። ነሐሴ 12 ቀን 2005 ዓ.ም. ናይሮቢ ላይ አረፈ። በሕይወት እያለ ያወጣው አንድ አልበም ብቻ ነው። ሁለተኛው የወጣው ከሞተ ከአራት ዓመት ገደማ በኋላ ነበር። በነዚያ ዓመታት ታክሲ ውስጥም ካፌ ውስጥም “ምን አስቀመጣቸው?” የሚል ሰው አጥቼ አላውቅም። እኔም ብያለሁ። ዘፈን እንዴት እንደሚሠራ ባውቅ ኖሮ አፌን እይዝ ነበር።

“የእከሌ ዘፈን” የምንለው ነገር የእከሌ ብቻ አይደለም። ብዙ ጊዜ ግጥሙ የአንዱ፣ ዜማው የሌላው፣ ቅንብሩ የሦስተኛው ነው። የሲዲውን ሽፋን ገልበጥ አድርጋችሁ ብታነቡ ስማቸው ተደርድሮ ታገኙታላችሁ። ዘፋኙ ሲሞት የሱ ድርሻ ለወራሾቹ ያልፋል፣ የሌሎቹ ድርሻ ግን የነሱ ነው። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲን መብት ከሞተ በኋላም ለ50 ዓመት ይጠብቅለታል። ስለዚህ ባለቤቱ ያንን ሃርድ ዲስክ መሳቢያ ውስጥ ብታገኘው እንኳ ማታውኑ ዩቲዩብ ላይ ልትጭነው አትችልም። ገጣሚውን ፈልጋ፣ የዜማውን ባለቤት አግኝታ፣ ከአቀናባሪው ጋር ተነጋግራ፣ ፊርማ ሰብስባ ነው። አንዱ አሜሪካ ይሆናል። አንዱ ከሟቹ ጋር ተኳርፎ የነበረ ይሆናል። እሷ ደግሞ ጥቁር ልብሷን ገና አላወለቀችም።

ሃርድ ዲስኩ ውስጥ ያለውስ ምን ይመስላችኋል? ስቱዲዮ የሚሠራ ጓደኛ አለኝ። አንድ ቀን ዛሬም በሕይወት ያለ ዘፋኝ ዴሞ፣ ማለትም የሙከራ ቅጂ፣ አሰማኝ። (ዘፋኙ ያወቀ ቀን ሁለታችንንም አይምረንም።) ከኋላ ኪቦርድ ብቻ አለ። የመጀመሪያው ስንኝ ቃል አለው። ሁለተኛው “ና ና ናና” ነው። አዝማቹ ላይ ሲደርስ ድምፁ ተሰበረ፣ አሳለ፣ “ወይኔ፣ ይቺን ከላይ እንጀምራት” አለና ሳቀ። ከዚያ ወንበር ሲንቋቋ ይሰማል፣ አለቀ። ጓደኛዬ “የሱ እንዲህ ዓይነት አርባ ፋይል አለኝ” አለኝ። ሰውየው ነገ ቢሞት እኛ ዘንድ አርባ ዘፈን ይሆናል። እሱ ግን ግማሾቹን ሊያወጣቸው ቀርቶ መልሶ ሊሰማቸውም አይፈልግም ይሆናል። ያላወጣው ስላልወደደው ቢሆንስ? ይሄን የሚጠይቅ አንድም አድናቂ አላጋጠመኝም።

ጥድፊያው የት እንደሚያደርስ ሌሎች ከኛ በፊት አይተውታል። ማይክል ጃክሰን የሞተው እ.ኤ.አ. በ2009 ነው። በ2010 መገባደጃ ያልተሰሙ ሥራዎቹ ተብለው አንድ አልበም ወጣ። ሦስቱን ዘፈኖች የሰሙ አድናቂዎች “ይሄ የሱ ድምፅ አይደለም” ብለው ተነሡ፣ ከቤተሰቡም የተጠራጠሩ ነበሩ። አንዲት አድናቂ በ2014 ፍርድ ቤት ሄደች። ክርክሩ ሲጓተት ቆይቶ በ2022 ሦስቱ ዘፈኖች ከኢንተርኔት መደብሮች ተነሡ። አልበሙን ያወጣው ኩባንያ ያነሣናቸው በድምፁ ጉዳይ አይደለም አለ። በሉ እንግዲህ። “ስጡን፣ ስጡን” ብለው ለለመኑት ነገር ነው ይሄ ሁሉ። እንግሊዛዊቷ ዘፋኝ ኤሚ ዋይንሃውስ ስትሞት ደግሞ የእንግሊዙ የሙዚቃ ኩባንያዋ ኃላፊ ዴሞዎቿን ማንም እንዳይነካካቸው ብሎ አስጠፋቸው፣ ይህንንም በ2015 በይፋ ተናገረ። እኔ እስከዚያ ድረስ አልሄድም፣ አንጀቴ አይችልም። ሰውየው የፈራው ነገር ግን ገብቶኛል።

ወደ ራሴ ልመለስ። አምና አንድ የ40 ሰከንድ ድምፅ በቴሌግራም ደረሰኝ። “ለመጀመሪያ ጊዜ! ያልወጣ!” ይላል። የማን እንደሆነ ይቅር። እንባዬ መጣ። ወዲያው ለቤተሰብ ግሩፕ ላክሁት፣ ከሥሩም የተሰበረ ልብ ምልክት አደረግሁ። በሁለተኛው ቀን የእህቴ ልጅ ደወለችልኝ። “አጎቴ፣ ይሄ እኮ በኤአይ የተሠራ ነው። ትንፋሽ ሲወስድ ይሰማሃል?” አለችኝ። መልሼ ሰማሁት። ሰውየው አይተነፍስም። ሃያ ዓመት ያዳመጥኩትን ድምፅ መለየት አቃተኝ፣ አዲስ ነገር እንዲኖር በጣም ፈልጌ ስለነበር።

እና እባካችሁ ወገኖቼ፣ ቤተሰቡን ተዉት። የሙት ዓመቱ በመጣ ቁጥር የባለቤቱ ፎቶ ሥር “አልበሙስ?” ብላችሁ አትጻፉ። ከየትም የመጣ ቁጥር አታባዙ። ተሰርቆ የወጣ ቅንጭብ እጃችሁ ሲገባ እዚያው ይቅር። አልበሙ አንድ ቀን ከወጣ ደግሞ ግዙት። አራት ዓመት ሙሉ “መቼ ነው የሚወጣው?” ሲል የከረመ ሰው በወጣ ማግስት “ሊንኩን ላኩልኝ” ሲል ሰምቼ አፍሬያለሁ።

ያንን የ40 ሰከንድ ድምፅ ከግሩፑ አጥፍቼዋለሁ። ግን አራት ሰው ቀድሞ ወደ ሌላ ግሩፕ አሳልፎታል፣ አንዷ አክስቴ ናቸው። ትናንት ደወሉልኝ። “ልጄ፣ ሙሉው መቼ ነው የሚወጣው?”