ይድረስ ለክቡር ሦስት ደቂቃ

ክቡርነትዎ፣ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ከእርስዎ ናፍቆት በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

ይህ ደብዳቤ በስልኬ ላይ፣ ከትንሿ መኪና ሥዕል አጠገብ፣ በደማቁ ተጽፈው ለሚኖሩት ለእርስዎ ነው። «ሹፌርዎ በ3 ደቂቃ ውስጥ ይደርሳል።» ሹፌር ይመጣል ወይ ይቀራል። እርስዎ ግን ሁልጊዜ አሉ። የመተግበሪያውን ስም አልጠራም። በስልኩ መኪና ጠርቶ መንገድ ዳር የተገተረ ሁሉ እርስዎን ለይቶ ያውቅዎታል።

ጉዳዩ የእሁዱ ነው።

ታናሽ ወንድሜ ሊያገባ ነው። እርስዎ ካላበላሹት ማለቴ ነው። ሽማግሌ መላክ ነበረብን። አጎቴ፣ የነፍስ አባታችን መምሬ እና ጡረታ የወጡት ጎረቤታችን የኔታ ተመረጡ። የኔታ የምንላቸው የሒሳብ አስተማሪ ስለነበሩ ነው፤ ይህ ነገር ኋላ ላይ ያስፈልገናል። ቤታችን ጎንደር፣ ከፋሲል ግቢ አጥር ጀርባ፣ አደባባይ ኢየሱስ አካባቢ ነው። የልጅቷ ቤተሰቦች ቁስቋም ናቸው። ቀጠሮው ከቅዳሴ በኋላ፣ 3 ሰዓት ተኩል ላይ።

እኔ የመጓጓዣ ኃላፊ ተደርጌ ተሾምኩ። «ባጃጅ እንያዝ» ስል አጎቴ ቅር አላቸው። ልጃቸው አዲስ አበባ ናት። ባለፈው ሊጠይቋት ሄደው፣ ስልኳን ነካ አድርጋ መኪና በር ድረስ ስታስመጣ አይተዋል። ቦሌ ወስዳ ማኪያቶ ጋብዛ፣ በሌላ መኪና መልሳቸዋለች። ከዚያ ወዲህ ከተማ ማለት ለእሳቸው ይኼ ነው። «እኛስ ከማን እናንሳለን? ጥራ!» አሉኝ።

ጠራሁ። እርስዎም ብቅ አሉ።

ክቡርነትዎ የአገሩ ልጅ ስላልሆኑ አንድ ነገር ላስረዳዎ። ሽምግልና እስኪያልቅ ድረስ ምስጢር ነው። ልጅቷ ባትሰጥስ? ስለዚህ ሽማግሌ በማለዳ ሹልክ ብሎ ነው የሚወጣው። እኛ ግን ነጫጭ ጋቢ የለበሱ፣ ከዘራ የያዙ፣ አንዱ ጥምጥም ያደረጉ፣ ጭራም ያልጎደላቸው ሦስት ትልልቅ ሰዎች አስፋልት ዳር ደርድረን ቆምን። ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሰው ሕዝብ በሙሉ በፊታችን አለፈ። በሙሉ! «ደህና አደራችሁ? ምነው ቆማችሁ? ለደህና ነው?» አንዷ ጎረቤታችንማ ከማዶ ሆነው «እልልታውን አሁን ላድርገው ወይስ ስትመለሱ?» ብለው ጮኹ። አጎቴ መሬት መሬት ማየት ጀመሩ።

ስልኩ ጠራ። ሹፌሩ ነው።

«ሄሎ፣ የት ነህ?»

«አደባባይ ኢየሱስ። ከግቢው አጥር ውጭ፣ መንገዱ ላይ።»

«ማፑ ግን ግቢው ውስጥ ነህ ይለኛል።»

ሰማያዊው ነጥብዎ እኔን ከአፄ ፋሲል ጋር ደባል አድርጎኛል ማለት ነው። በ1972 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ተብሎ በተመዘገበ ግቢ ውስጥ፣ ማን ቤት እንደሚያከራየኝ እንጃ። ግቢው አሥራ ሁለት በሮች ነበሩት ይባላል። በየትኛው በር እንድወጣ እንደታሰበም አልተነገረኝም።

አስረዳሁት። ገባው። ከዚያ ያቺ የምናውቃት ጥያቄ መጣች።

«ወዴት ነህ?»

«ቁስቋም።»

ዝም አለ። ዳገቱን በሐሳቡ ሲወጣው ይሰማኛል።

«ወንድሜ፣ በአንተ በኩል ሰርዘው በቃ።»

ለምን በእኔ በኩል? እሱ ከሰረዘ ስለሚቀጣ። እኔ ስሰርዝስ? «በተደጋጋሚ በመሰረዝዎ አገልግሎትዎ ሊገደብ ይችላል» የሚል ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ። አልሄድም ያለው እሱ፣ ተግሣጹ ለእኔ። ሽማግሌ እንኳ እንዲህ አይፈርድም።

ሁለተኛ መኪና ተገኘ። እርስዎም ትኩስ ሆነው ተመለሱ፤ 3 ደቂቃ። መሐል ላይ አንድ ባዶ ባጃጅ መጥቶ አጠገባችን ቆመ። «አባቶቼ፣ ወዴት ናችሁ?» አለ ልጁ በትሕትና። አጎቴ ከዘራቸውን ከፍ አድርገው «ተጠርቷል፣ ሂድ አንተ» ብለው ሸኙት። ስልኬን አየሁ። 3 ደቂቃ። ቆይቼ አየሁ። 3 ደቂቃ። መኪናዋ ካርታው ላይ ወተት ውስጥ እንደገባች ዝንብ አንድ ቦታ ላይ ትሽከረከራለች። ደወልኩ።

«እ፣ ወንድሜ፣ ነዳጅ ሰልፍ ላይ ነኝ። ደርሶኛል፣ ከፊቴ ትንሽ መኪና ነው ያለው።»

የነዳጅ ሰልፍ ላይ «ትንሽ መኪና» ምን ማለት እንደሆነ ለአንባቢ አልተነትንም።

የኔታ ሰዓታቸውን አይተው «ልጄ፣ ይህ ሦስት የማይቀነስ ቁጥር ነው እንዴ?» አሉኝ። ዕድሜ ልካቸውን መቀነስ ሲያስተምሩ ኖረው፣ በስተርጅና የማይቀነስ ቁጥር ገጠማቸው።

አሁን ግን፣ ክቡርነትዎ፣ መምሬን ይመልከቱልኝ። መምሬ ሌሊቱን ማኅሌት ቆመው ያደሩ ሰው ናቸው። ከማኅሌቱ ወደ ቅዳሴው። ከቅዳሴው ቀጥታ ወደ እኛ። ጉልበታቸው ድሮም ያማቸዋል። ፀሐይዋ እየጠነከረች ነው። መቀመጫ የለም። መቋሚያቸው ላይ ተደግፈው እግራቸውን ይቀያይራሉ፤ አንድም ቃል አይናገሩም። ስልኬን ዘንበል ብለው ያዩና «ደረሰ እኮ፣ ሦስት ደቂቃ ነው» ብለው እኔን ያጽናናሉ። እኔን! አምነውህ ነው እኮ። ተጽፎ ስላዩ አመኑህ።

አንተ ማነህ ለመሆኑ? ከሳተላይት በመጣ ነጥብ ርቀት ለክተህ፣ በፍጥነት አካፍለህ የምታወራ ቁጥር ነህ። ሹፌሩ ቁስቋም ሲባል ፊቱን እንደሚያዞር አታውቅም። ነዳጅ እንደሌለው አታውቅም። ሞተሩን ያስነሳ፣ አያስነሳ አታውቅም። አለማወቅህን አልጠላም። አላውቅም ማለት ነውር ሆኖብህ ነው? «30 ደቂቃ» ብትለን ቀስ እያልን ፒያሳ ወጥተን የተገኘውን እንይዝ ነበር። «አይመጣም» ብትለን መርቀንህ በተለየን። አንተ ግን ሦስት ትላለህ። ሦስት፣ ሰው አቁሞ የሚያስቀር ቁጥር ስለሆነ ነው። አሥር ብትል እንሄዳለና! ሰው ከስልኩ ርቆ እንዳይሄድ ብቻ ተብሎ ሽማግሌ ፀሐይ ላይ ይሰጣል?

ይቅርታ ክቡርነትዎ፣ ድምፄ ከፍ አለ። ወደ ጨዋታችን እንመለስ።

ቀጠሮው ካለፈ በኋላ ያው ባጃጅ ሰው አድርሶ ሲመለስ አገኘን። አጎቴ በዚህ ጊዜ ከዘራቸውን ያነሱት ለማስቆም ነበር። ሦስቱ ከኋላ ጋቢያቸውን እየሰበሰቡ ገቡ። እኔ ከሹፌሩ ጎን በአንድ ጎኔ ተንጠለጠልኩ፤ ትራፊክ እንዳያየን እየጸለይኩ። መምሬም ሳይጸልዩ አልቀሩም። የቀሃን ወንዝ ተሻግረን ዳገቱን ስንጀምር ባጃጇ ማቃሰት ጀመረች። እኔና አጎቴ ወርደን በእግር ተከተልን። እቴጌ ምንትዋብ ቤተ መንግሥቷን የሠራችበት ተራራ ነው፤ ማንም በቀላሉ እንዲወጣው አልታሰበም መሰለኝ። የአጎቴ ነጭ ጋቢ ደጁ ስንደርስ የኮረኮንቹን አቧራ መልክ ይዟል።

ለካ እዚያ ቤት ስማችን ቀድሞን ደርሷል። የልጅቷ ወንድም በደወለ ቁጥር «መኪናው ሦስት ደቂቃ ቀርቶታል» እለው ነበር። እሱም ለአባቱ ያደርሳል። አባትየው ለእናትየው። እናትየው ወጡን አውርደው ይጥዳሉ።

ወጉ እንደሚያዘው ሽማግሌዎቹ ቆሙ። «ተቀመጡ እንጂ» ተባሉ። «ጉዳይ አለን፣ ሳትሰሙን አንቀመጥም» አሉ አጎቴ። ከዚያ ሁሉ መቆም በኋላ እንደገና መቆም! መምሬን ቀና ብዬ ለማየት አፈርኩ። አጎቴ ሳል ብለው፣ ዘር ማንዘር ቆጥረው፣ «ልጃችሁን ለልጃችን» ብለው ጨረሱ። አነጋገራቸውስ የሚያኮራ ነበር። በመጨረሻም «እንግዲህ ቁርጡን መቼ እንስማ?» ብለው ጠየቁ።

አባትየው ፂማቸውን ዳበስ ዳበስ አደረጉ።

«አይዟችሁ፣ ብዙ አናቆያችሁም» አሉ። «ሦስት ደቂቃ ስጡን።»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ጓዳ ያሉት ሴቶች ሳይቀሩ። ልጅቷም ጓዳ ነበረች፤ የሷን ሳቅ ለይቻለሁ። አጎቴ በከተማው የታወቁ አስታራቂ ናቸው። ደም የተቃባ አስታርቀዋል፣ መሬት የተካሰሰ አስማምተዋል። እንዲህ ተስቆባቸው አያውቅም። ሳቁ ሲያበቃ የተሰጠን ቀጠሮ ደግሞ ከፍልሰታ በኋላ ነው። ይህ የእርስዎ ደቂቃ ሲመነዘር መሆኑ ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰፈር ውስጥ ስሜ ሦስት ደቂቃ ሆኗል። የእርስዎን ስም ወርሼ እየኖርኩ ነው።

የድሮውን ቂም እዚህ ላይ መዘርዘር አልፈልግም። የጥር 10ን ግን ሳላነሳ አላልፍም። ከተራ ነው፣ ታቦታቱ ወደ ፋሲለደስ መዋኛ እየወረዱ ነው፣ ከተማው በሙሉ መንገድ ላይ ነው፣ መኪና የሚባል አይንቀሳቀስም። እርስዎ በዚያ መሐል 3 ደቂቃ! በሕዝቡ አናት ላይ እየበረረ እንዲመጣ ነው?

የጎሃ ተራራውም አለ። ከወዳጆቼ ጋር ሽቅብ ወጥተን፣ ፀሐይዋ ስትጠልቅ፣ ከተማዋ መብራት በመብራት ስትሆን አየን። ከተማ መኖር ደስ የሚለው እንዲህ ባለው ማታ ነው። ለመውጣት መኪና በሽ ነበር። ለመውረድ ግን እርስዎ ብቻ ነበሩ። በስልካችን መብራት ዳገቱን በእግር ወረድን።

«ዝርዝር የለኝም» የሚለውን ሹፌር ይቅር ብያለሁ። እኔም ዝርዝር ኖሮኝ አያውቅም።

ለነገሩ የእሁዱ ማታ ሌላ መልእክት ላኩልኝ፣ አይደል? «ጉዞዎ እንዴት ነበር? ሹፌርዎን በኮከብ ይገምግሙ።» የትኛውን ጉዞ? የትኛውን ሹፌር? ግቢ ውስጥ የፈለገኝን ወይስ ሰልፍ ላይ ያለውን? ኮከቡን በሙሉ ለባጃጁ ልጅ ልሰጥ ፈልጌ ነበር፤ እሱ ግን በስልክዎ ውስጥ የለም። ስልክ ቁጥሩ የኔታ ደብተር ላይ ነው፣ በእርሳስ ተጽፎ። ለሚቀጥለው ቀጠሮ ከአሁኑ ተነግሮታል። አጎቴ ራሳቸው ናቸው የደወሉለት። ወንድሙም ሌላ ባጃጅ ይዞ ይመጣል፤ ሁለት ሁለት ሆነን ዳገቱን እንወጣለን። «ከሁለት ሰዓት ቀድማችሁ ብትመጡ ቁርስ አለ» ብለዋቸዋል።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፤

ሦስት ደቂቃ (ሁለተኛው)

ግልባጭ፦
ለአጎቴ፣ መነጽራቸውን አድርገው እንዲያነቡት፤
ለመጀመሪያው ሹፌር፣ በእሱ በኩል እንዲሰረዝ፤
ለሁለተኛው ሹፌር፣ ነዳጁን ቀድቶ ከጨረሰ።