ሊማ ላይ በፍልሰታ

ሐበሻ በግሩፕ ሲጓዝ መጀመሪያ የሚከፈተው ሻንጣ ሳይሆን የቴሌግራም ግሩፕ ነው። እኛም ከዲሲ ተነስተን ፔሩ እንሂድ ተባለና ማን ከማን ጋር ይተኛል፣ ማን ያኮርፋል፣ ጀበና ማን ይይዛል እየተባለ ወራት ሲወራ፣ ነሐሴ ላይ ሊማ ምን አይነት አየር አለ ብሎ የጠየቀ አንድ ሰው የለም። ደቡብ አሜሪካ ማለት በቃ ፀሐይና ቢች ነው፣ ማን ይጠይቃል! ስንደርስ ግማሹ ሰው በቁምጣ ነው፣ ሊማ ግን በጃኬት ነች።

ነገሩ እንዲህ ነው፣ ሊማ ከምድር ወገብ በታች ስለሆነች ነሐሴ ላይ ክረምቷ ነው፣ ከደቡብ የሚመጣው ሀምቦልት የሚሉት ቀዝቃዛ የባሕር ጅረት ደግሞ አየሩን ስለሚያቀዘቅዘው ሰማዩ ለወራት ግራጫ ሆኖ ይከደናል። እነሱ ራሳቸው ሰማያቸውን የአህያ ሆድ ነው የሚሉት። የሚገርመው ግን ይሄ ሁሉ ደመና አይዘንብም! አስር ሚሊዮን አካባቢ ሰው የሚኖርበት ከተማ በረሃ ላይ ተቀምጦ፣ በዓመት የሚያገኘው ዝናብ እኛ አገር የአንድ ከሰዓት ዶፍ አያክልም። ያለው ጋሩዋ የሚሉት ካፊያ ነው፣ ልብስ አያርስም፣ ለጉዞው ተብሎ የተተኮሰ ፀጉር ግን ድራሹን ያጠፋል። በዕድሜ ትልቃችን የሆኑት ጋሼ ሚራፍሎረስ የሚባለው የሊማ ሰፈር ገደሉ አፋፍ ላይ ቆመው ፓስፊክን በጭጋግ ውስጥ ሲፈልጉ ቆዩና "ይሄን ሁሉ አገር አቋርጠን የመጣነው እንጦጦን ለማየት ነው እንዴ?" አሉ።

ጋሼን ያስደሰታቸው ኮምቢ ነው። ኮምቢ የነሱ ሚኒባስ ታክሲ ነው፣ ረዳቱ በር ላይ ተንጠልጥሎ መንገዱን እየጮኸ ይጠራል፣ አንገትህን ሰብረህ ቆመህ እያለ "ከኋላ ቦታ አለ፣ ከኋላ ቦታ አለ" ይልሃል። ጋሼ አዲስ አበባን ከለቀቁ ብዙ ዘመናቸው ነው፣ ስፓኒሽ ደግሞ አንድ ቃል አይችሉም፣ መውረጃችን ሲደርስ ግን ከየት እንደመጣባቸው እንጃ፣ በሙሉ ድምፃቸው "ወራጅ አለ!" ብለው ጮኹ። ሾፌሩም ቆመ። ከዛ በኋላ ስፓኒሽ ቻልኩ ብለው ማንንም አላስወራ አሉ።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ፣ ወደ ጾሙ። ሴቪቼ የሚባለው ምግባቸው ጥሬ ዓሣ ነው፣ ተቆራርጦ በሎሚ ጭማቂ፣ በሽንኩርትና በሚያቃጥል ቃሪያ ይታሻል፣ ከጎኑ ስኳር ድንችና በቆሎ ይደረጋል። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2023 በማይዳሰስ የዓለም ቅርስነት የመዘገበው ነገር ነው። እኛ ግን ከቅርስነቱ በፊት ያነሳነው ጥያቄ ዓሣ በፍልሰታ ይበላል ወይስ አይበላም የሚለው ነበር። ይሄ ክርክር አገር ቤትም አልቆ አያውቅም፣ ሊማ ላይ ሊያልቅ ነው? አንዷ ይበላል አለች፣ አንዱ የነፍስ አባቴን ልደውልላቸው አለ፣ በአዲስ አበባ ሌሊት ነው ተባለ። ሦስተኛው ጭራሽ "ሳይበስል እኮ ነው፣ ያልበሰለ ነገር ምግብ አይባልም፣ ምግብ ካልሆነ ጾሙን በምን ይፈታዋል?" አለ። በጣም የተጸየፈው ደግሞ ማን መሰላችሁ፣ ፋሲካ በመጣ ቁጥር ቁርጡን በአዋዜ ካላወራረደ በዓል የማይመስለው ጓደኛችን ነው። "ጥሬ? እኔ? ጥሬ?" ይላል።

በመጨረሻ ይበላል የሚለው ወገን አሸነፈ፣ ግን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይጾማል ተባለ። እዚህ ጋ ነው ሁለቱ ባህሎች የተላተሙት። ሊማዎች ሴቪቼ የሚበሉት ለምሳ ነው፣ ዓሣው ጠዋት የወጣ መሆን አለበት ብለው ስለሚያምኑ ሴቪቼ ቤቶቹ አብዛኞቹ ከሰዓት በኋላ ይዘጋሉ። የዘጠኝ ሰዓት ቀጠሮ ደግሞ ለሐበሻ አስራ አንድ ሰዓት ነው። ደረስን፣ ወንበሮቹ ጠረጴዛ ላይ ተገልብጠዋል።

በነገራችን ላይ እነሱም በማርፈድ የታወቁ ናቸው፣ የፔሩ ሰዓት ይሉታል ራሳቸው። እ.ኤ.አ. በ2007 የፕሬዝዳንት አላን ጋርሲያ መንግሥት ጭራሽ ሰዓት አክብሩ የሚል አገር አቀፍ ዘመቻ ከፍቶ ሕዝቡን ሰዓቱን እንዲያስተካክል ጠርቶ ነበር። እንደዛም ሆኖ አስጎብኚያችን እኛን ሲጠብቅ ያሳየው ፊት አገሩ ላይ ከዚህ የባሰ አይቶ የማያውቅ ሰው ፊት ነው።

ያን ቀን ያዳነን ድንች ነው። ድንች የተገኘው በዚሁ በአንዲስ ተራሮች ነው፣ ከሦስት ሺህ በላይ ዓይነት አላቸው። የበርበሬ ዘርም መነሻው ይሄው አህጉር ነው፣ ፖርቹጋሎች ባሕር ባያሻግሩት ኖሮ ወጣችን እስከ ዛሬ አልጫ ነበር። ይሄንን ሁሉ አስጎብኚው ሲያስረዳ ከመሃላችን አንዷ ከቦርሳዋ ሚጥሚጣ አውጥታ ድንቹ ላይ ነሰነሰች፣ "የነሱ አያቃጥልም" ብላ።

ከቤት ደግሞ ስልክ አላስቆም አለ። ሁሉም የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፣ ማቹ ፒቹ ሄዳችሁ? ማቹ ፒቹ ኢንካ የሚባሉት የድሮ የፔሩ ገዢዎች ተራራ ላይ የሠሩት ከተማ ነው፣ ከሊማ ኩስኮ ከተማ በአውሮፕላን፣ ከኩስኮ ደግሞ በባቡር ነው፣ በጀታችን ውስጥ አልነበረም። አንዱ ጓደኛችን ግን መፍትሔ አያጣም፣ ሚራፍሎረስ መሃል ኡዋካ ፑክያና የሚባል ኢንካዎች ከመምጣታቸው ከብዙ መቶ ዓመት በፊት በጭቃ ጡብ የተሠራ ፒራሚድ አለ፣ እዛ ፊት ለፊት ተነስቶ "ማቹ ፒቹ፣ ክብር ለፈጣሪ" ብሎ ለጠፈ። ላይክ ዘነበለት። አንዲት አክስቱ ብቻ "ከኋላህ ያለው ኮንዶሚኒየም ኢንካዎቹ የሠሩት ነው?" ብለው ጻፉበት።

ባሕሩን ያየነው ፓራካስ ሄደን ነው፣ ከሊማ ወደ ደቡብ 260 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ በአንድ በኩል በረሃ በሌላ በኩል ፓስፊክ። ከዛ በጀልባ ወደ ባየስታስ ደሴቶች። መውረድ ክልክል ነው፣ ከጀልባ ላይ ነው የሚታየው፣ የባሕር አንበሳው ድንጋይ ላይ ተጋድሞ ያጓራል፣ ፔንግዊኑ ተሰልፎ ይሄዳል። ("ፔንግዊን ዓሣ ነው ወፍ?" አለ አንዱ ቀስ ብሎ፣ ለጾሙ መሆኑ ነው።) ደሴቱ ላይ ከርቀት በረዶ የሚመስል ነጭ ነገር አለ፣ ሲጠጉት ሽታው ይነግራል፣ የወፍ ኩስ ነው። ጋሼ ባርኔጣቸው ላይ ናሙናው ደርሷቸዋል።

አስጎብኚው ግን በኩራት ነው የሚያወራው። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ የፔሩ መንግሥት በዋናነት የሚኖረው በዚህ ኩስ ነበር፣ ምርጥ ማዳበሪያ ስለሆነ በመርከብ እየተጫነ አውሮፓ ይሸጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1864 ስፔን እዚሁ አቅራቢያ ያሉትን ቺንቻ ደሴቶች ያዘችና ጦርነት ሆነ። አሁንም መንግሥት በተራ በተራ ያስቆፍረዋል።

ማዳበሪያ የሚለውን ሲሰሙ ጀልባዋ ላይ ያለው ሐበሻ ሁሉ ዝም አለ። የባሕር አንበሳውን የሚያይ ጠፋ። "በኮንቴይነር ስንት ኩንታል ይገባል?" አለ አንዱ ስልኩን አውጥቶ። ወደብ ሳንደርስ አዲስ የቴሌግራም ግሩፕ ተከፈተ፣ ጋሼ ናሙናውን ስለያዙ ሊቀመንበር ሆኑ፣ ፔንግዊኑን የጠየቀው ልጅ የሕዝብ ግንኙነት ተሰጠው። ገንዘብ ያዥ ላይ ነው የተጣላነው፣ እስከ ሊማ ድረስ አውቶቡሱ ውስጥ ማንም ከማንም ጋር አልተነጋገረም።