ለሣር ያልጠፋ ውሃ

አሁን ገና መግባቴ ነው። ባዶ ጀሪካኔን በር ላይ ወርውሬ ነው የምጽፈው። ንዴቱ አልበረደልኝም።

ያ እዚህ ጎንደር ፒያሳ ያለው ሕንጻ፣ ሣር ያለበት፣ ታውቁታላችሁ። ከቀኑ 7 ሰዓት ነው። የሚያዝያ ፀሐይ አናት ይበሳል። ዘበኛው ጎማ ይዘው ሣሩን ያጠጣሉ። ግማሹ ውሃ አስፋልት ላይ ይፈሳል። ወደ ቦዩ ሲወርድ ቆሜ አየሁት። እኛ ሰፈር ቧንቧ ከደረቀ ዛሬ 11ኛ ቀኑ!

አላስቻለኝም። «አባባ፣ በዚህ ፀሐይ እኮ ይተናል። በጠዋት ቢያጠጡት ትንሹም ይበቃው ነበር» አልኳቸው።

«እኔም ብያለሁ ልጄ፣ ማን ሰምቶኝ» አሉ። እሳቸው ምን ያድርጉ፣ ታዘው ነው።

ይሄኔ ኃላፊው ወጣ። በዕድሜ ታናሼ ነው። ጀሪካኔን አየና ድምፁን ከፍ አድርጎ «ቅዱላት እስኪ፣ ውሃ አምሯት ነው!» አይልም? በረንዳ ላይ ቡና የሚጠጡት ሁሉ ሳቁ።

«ወንድሜ፣ ልለምን አልመጣሁም። የሚፈሰውን ውሃ ነው የምልህ» አልኩት።

«ሣሩ ቢደርቅ አንቺ ትተክይልኛለሽ?»

ለማኝ አደረገኝ እኮ! በገዛ ከተማዬ!

ደግሞ ሣር በየቀኑ መረጨት አይፈልግም። ቀኑን ራቅ ራቅ አድርገው በደንብ ሲያጠጡት ሥሩ ወደ ታች ይወርዳል። በየቀኑ ላይ ላዩን ከረጩት ግን ሥሩ እላይ ይቀራል። ከዚያ አንድ ቀን ሲዘለል ይጠወልጋል። እናቴ ጌሾዋንና ጤና አዳሟን የምታሳድገው በጎመን እጣቢ ነው። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሥር ሥሩን ታጠጣለች፤ አፈሩን በገለባ ትሸፍነዋለች። በማግስቱ ገለባውን ገለጥ ብታደርጉት አፈሩ እርጥብ ነው። ይሄ ገንዘብ ይጠይቃል?

ባለፈው ሳምንትም መኪና የሚያጥብ ልጅ ጎማውን መሬት ላይ ለቆ ስልክ ሲያወራ አይቼ ዝም አልኩ። ያንን ዝምታዬን ነው ዛሬ ያወጣሁት መሰለኝ።

ውሃ የሚሰጠን አንገረብ ግድብ በደለል እየተሞላ ነው። የመገጭን ግድብ ስንጠብቅ ስንት ዓመታችን። ፋሲል መዋኛን ለጥምቀት ከቀሃ ወንዝ ጠልፎ መሙላት የሚያውቅ ከተማ ልጆቹ በጀሪካን ወገባቸው ይጎብጣል። ያችኑ ያለችንን ደግሞ አስፋልት ይጠጣታል።

ዘበኛው ቀስ ብለው «አምጪ ልቅዳልሽ» ብለውኝ ነበር። እምቢ አልኩ። እዚያ ሳቅ መሃል ጎንበስ ብዬ ልቀዳ? ባዶውን ይዤ ቦኖው ጋ ወረድኩ።

ተዘግቷል።