ሆስቲስ ማለት እንግዳ ነበር

ልጄ ሮም ነው የተወለደችው። 16 ዓመቷ ነው። ትምህርት ቤቷ ላቲን ያስተምራል። ማታ ማታ የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ መዝገበ ቃላቷን ዘርግታ ስትተረጉም፣ እኔ ከሥራ ገብቼ ሽሮዬን አሞቃለሁ። ባለፈው ሳምንት ቀና አለችና «አባዬ፣ ሆስቲስ በአማርኛ ምን ይባላል?» ብላ ጠየቀችኝ።

የጣሊያንኛ ፍቺውን አየሁና «ጠላት» አልኳት።

«እሱን አውቄያለሁ። ግን የድሮ ትርጉሙ እንግዳ፣ የውጭ ሰው ይላል እኮ።»

ሽሮው ቀዘቀዘ።

የምትተረጉመው ሊቪየስን ነበር። ሰውየው የሮምን ታሪክ ከምሥረታዋ ጀምሮ በ142 መጻሕፍት የጻፈ ነው። ዛሬ የተረፉት 35 ናቸው። ምዕራፉ የወጣቱ የጋይዩስ ሙሲየስ ታሪክ ነው። የጎረቤት አገር ንጉሥ ፖርሴና ሮምን ከቧል። ሙሲየስ ጩቤ ደብቆ የንጉሡ ጦር ሰፈር ውስጥ ይገባል። ቀኑ የወታደሮቹ ደመወዝ ቀን ነው። ጸሐፊውና ንጉሡ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፣ ልብሳቸውም ይመሳሰላል። ሙሲየስ ንጉሡ የትኛው እንደሆነ መጠየቅ ስለፈራ ጸሐፊውን ገደለ። ተይዞ ሲቀርብ እንዲህ አለ፦ «ሮማዊ ዜጋ ነኝ። ጋይዩስ ሙሲየስ ይሉኛል። ጠላት ሆኜ ጠላቴን ልገድል መጣሁ።» በላቲኑ ሁለቱም ጠላት ሆስቲስ ነው። ገዳዩም ሆስቲስ፣ ሊገደል የታሰበውም ሆስቲስ።

ልጄ ይህን ጮክ ብላ አነበበችልኝ። «ሮማዊ ዜጋ ነኝ» የምትለው ቦታ ላይ ስትደርስ ሳቋ መጣ። እኔም ሳቅሁ። ምን ይደረግ? እሷ ዜጋ አይደለችማ። በ1992 እ.ኤ.አ. በወጣው ሕግ መሠረት፣ ከውጭ አገር ሰዎች እዚህ የተወለደ ልጅ 18 ዓመት እስኪሞላው ሳያቋርጥ መኖር አለበት። ከዚያ በአንድ ዓመት ጊዜ ውስጥ ማመልከት ይችላል። እኔም እስካሁን ዜጋ አይደለሁም። ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ የመጣ ሰው 10 ዓመት መኖር አለበት፣ በዚያ ላይ የሦስት ዓመት ገቢ ማሳየት አለበት። ዓመቱ ሞልቶልኛል። ገቢው ነው አንድ ዓመት ሲሞላ አንድ ዓመት የሚጎድለው። በሰኔ 2025 እ.ኤ.አ. አሥሩን ዓመት ወደ አምስት ለማውረድ ሕዝበ ውሳኔ ተጠርቶ ነበር። ከመራጩ ግማሹ መውጣት ነበረበት፤ የወጣው ሠላሳ በመቶ ገደማ ነው። ቀረ። እኛም ሶጆርኖ የሚሉትን የመኖሪያ ፈቃድ ስናሳድስ እንኖራለን። እናም ልጅቷ ከክፍሏ ማንም በተሻለ ላቲን እየተረጎመች፣ በየጊዜው አሻራ ለመስጠት ከእኔ ጋር ትሰለፋለች።

ስለ ቃሉ ላውራ። እኔን የገረመኝ እሱ ነው።

የሮም ጥንታዊ ሕግ የአሥራ ሁለቱ ሰሌዳዎች ሕግ ይባላል። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ450 ገደማ የተጻፈ ነው። በእሱ ውስጥ ሆስቲስ ጠላት አይደለም። ከሌላ አገር የመጣ፣ ከሮማዊ ጋር ችሎት የሚቆም፣ የፍርድ ቀን የሚቆረጥለት ሰው ነው። አራት መቶ ዓመት ቆይቶ ሮማዊው ጸሐፊ ሲሴሮ ይህንኑ ያስታውሳል። አባቶቻችን ሆስቲስ ይሉት የነበረው ዛሬ ፔሬግሪኑስ፣ ማለትም መጻተኛ የምንለውን ነው ይላል። አባቶች የሚዋጋቸውን ሰው በዚህ ለስላሳ ስም የጠሩት የነገሩን ክፋት ለማለዘብ ነው ብሎም ያመሰግናቸዋል። ግን ዘመን ቃሉን አከበደው ይላል። እኔ ምስጋናው አልተዋጠልኝም። ጠላቱን እንግዳ ብለህ ስትጠራ፣ ውሎ አድሮ ጠላትህ እንግዳ አይሆንም። እንግዳው ነው ጠላት የሚሆነው።

ሊቪየስ ዘንድ ሲደረስ ነገሩ አልቋል። ሮምን የወጋው የካርታጎ ጦር አዛዥ ሃኒባል ገና በልጅነቱ፣ በአባቱ ፊት እጁን መሥዋዕት ላይ አድርጎ፣ ለሮም ሕዝብ ሆስቲስ ልሆን ብሎ ይምላል። እንግዳ ልሆን ብሎ የሚምል የለም መቼም።

ደግሞ ሆስቲስ የግል ጠበኛ አይደለም። ለዚያ ኢኒሚኩስ የሚባል ቃል ነበራቸው። ጎረቤትህ ድንበር ቢገፋህ ኢኒሚኩስ ነው። ሆስቲስ የአገር ነው፣ ጦር የሚዘመትበት። እኛ ደመኛና ጠላት እንደምንለው፣ ግን ከእኛ ይልቅ ለይተው።

ከዚያ ቃሉ ወደ ቤት ገባ። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ88 ሮማዊው የጦር አዛዥ ሱላ ጦሩን ይዞ ሮም ሲገባ፣ ተቀናቃኙን ማሪየስን ሆስቲስ አስባለው። ማሪየስ ስድስት ጊዜ ቆንስል፣ ማለትም የሮም የበላይ ሹም ሆኖ የመራቸው፣ ከሰሜን የመጣባቸውን ጦር የመለሰላቸው ሰው ነው። በ63 መንግሥት ሊገለብጥ ያሴረው ካቲሊና ተከተለ። የታሪክ ጸሐፊው ሳሉስቲየስ ይህን ሲጽፍ ሰውየው ባላባት መሆኑን አይደብቅም። ንጉሠ ነገሥቱ ኔሮ እንኳ በ68 እ.ኤ.አ. ሴኔቱ ሆስቲስ ብሎ ፈረደበት። የሆስቲስ ቅጣት ምን እንደሆነ ራሱ ጠየቀ ይላል የነገሥታቱን ሕይወት የጻፈው ስዌቶኒየስ። ራቁቱን አንገቱ በባላ ተይዞ እስኪሞት በበትር መገረፍ ነው ቢሉት፣ ራሱን ገደለ።

ከቤታችን በታች ኦስቴሪያ አለ። ልጄ እንደነገረችኝ ኦስቴ ባለ ምግብ ቤቱ ነው። በድሮ ጣሊያንኛ ደግሞ ያው ኦስቴ ጦር ነው። ኦስፒቴ የሚሉት እንግዳም አስተናጋጅም ነው። ሆቴል፣ ሆስፒታል የምንላቸውም ከዚሁ ዘመድ ናቸው። ሆስቴስ በላቲን «ጠላቶች» ማለት ነው፤ የአየር መንገዳችን ሆስተሶች እንዳይሰሙ።

የእኛ እንግዳ ከሌላ ቦታ ነው የመጣው። ግእዙ ነገደ ይላል፦ ተጓዘ፣ ነገደ። ነጋዴና እንግዳ አንድ ቤት ናቸው። አያቴ አገር መሽቶበት ደጅ የቆመ ሰው «የእግዜር እንግዳ ነኝ» ካለ፣ ማነህ ከመባሉ በፊት እግሩ ይታጠብ ነበር። ይህን ለልጄ በኩራት ነገርኳት። ከዚያ አምና አዲስ አበባ ታክሲ ውስጥ የሰማሁት ትዝ አለኝ። ሁለት ሰዎች በወንበር ተጣሉ። አንደኛው «መጤ ሁሉ!» አለ። ሁለተኛው ጎልማሳ እዚያው ሰፈር ያደገ ሳይሆን አይቀርም፤ ወያላው በስሙ ነበር የሚጠራው። ማንም ምንም አላለም። እኔም አላልኩም። ይህን ለልጄ አልነገርኳትም።

በዚያው ጉዞ እናቴ ቡና አፈላች። ከቡፌው ውስጥ ባለ ወርቅ ቅቡን ሲኒ አውጥታ ለእኔ ቀዳችልኝ። ልጅ ሆነን መንካት የተከለከልነውን።

«እማዬ፣ የእኔ ሲኒ የት ሄደ? ያ ጆሮው የተሰበረው?»

«ውይ፣ እሱማ አለ። እኛ ነን የምንጠጣበት።»