እርማት፦ ብዙ አሃዝ ማሳየት ቁጥሩን ትክክል አያደርገውም

«ፓይተን (የፕሮግራሚንግ ቋንቋው) ላይ ከነጥብ በኋላ 20 አሃዝ አሳይ ካልከው ቁጥሩ ይበልጥ ትክክል ይሆናል» ላልከው፣ አይሆንም ወዳጄ። 0.1ን እንደዛ አሳየው፤ 0.10000000000000000555 ይልሃል። ያ 555 ዝም ብሎ የመጣ አይደለም፤ 0.1 በሁለትዮሽ (በ0 እና በ1 ብቻ) ሲጻፍ ስለማያልቅ ፍሎት (ፓይተን ነጥብ ያለውን ቁጥር በተለምዶ የሚያስቀምጥበት ዓይነት) ከመጀመሪያውም ያስቀመጠው በ53 ቢት ሊያገኝለት የቻለውን የቅርቡን ቁጥር ነው፣ አንተ ፎርማቱን ስትቀይር የተደበቀውን ገለጥከው እንጂ ምንም አልጨመርክም። የበለጠ ትክክለኛነት ከፈለግክ ዴሲማልን (ቁጥርን በአስርዮሽ የሚያስቀምጠውን የፓይተን ዓይነት) ተጠቀም። ግን 0.1ን በጥቅስ ምልክት ውስጥ፣ እንደ ጽሑፍ ስጠው! ያለ ጥቅስ ከሰጠኸው ያንኑ ስህተት ተሸክሞ ይገባል (ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው)። የዴሲማል ስሌትም ቅንብሩን ካልነካኸው 28 ጉልህ አሃዝ ላይ ይጠጋጋል፤ 50 ካስፈለገህ ከማካፈልህ በፊት ፕሪሲዥኑን (የሚይዘውን የአሃዝ ብዛት) ከፍ አድርገው።