ለክቡር አቶ ሌክስ ሉተር ስለ መላጣችን የቀረበ አቤቱታ

ለክቡር አቶ ሌክስ ሉተር
የሌክስኮርፕ ኩባንያ ባለቤት፣ በኮሚክስና በፊልም የሱፐርማን ቀንደኛ ጠላት
ሜትሮፖሊስ

ጉዳዩ፦ መላጣዎን ለሁላችን አካፍለው ሀብትዎን ለብቻዎ ስለማስቀረትዎ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ይህን አቤቱታ የማቀርብልዎ ባለፈው ማክሰኞ መንጃ ፈቃዴን ላሳድስ በሄድኩበት መሥሪያ ቤት በስምዎ ተጠርቼ፣ በስምዎ ተስቆብኝ፣ በመጨረሻም ለስምዎ እንደማልበቃ ሕዝብ በተሰበሰበበት ተነግሮኝ ወደ ቤቴ ስለተመለስኩ ነው። ሥራ የሚበዛብዎ ሰው እንደሆኑ አውቃለሁ፤ ሆኖም ሱፐርማንን ለማጥፋት ከመደቡት ጊዜ ላይ ጥቂት ደቂቃ ቀንሰው ጉዳዬን እንዲመለከቱልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

የምኖረው እርስዎ በተፈጠሩበት አገር፣ በአሜሪካ ነው። ቀጠሮ አስይዤ ነበር፤ ቀጠሮ ማለት ወደ ሌላ ወረፋ የሚያስገባ ወረፋ መሆኑን ይህን ደብዳቤ ከእርስዎ ጋር የሚያነቡት ወገኖቼ ስለሚያውቁት አላብራራም። ቁጥሬን ተቀብዬ፣ ከወለሉ ጋር በብሎን ከታሰሩት የብረት ወንበሮች በአንዱ ላይ ተቀምጬ ቅጹን መሙላት ጀመርኩ። «የፀጉር ቀለም» ከሚለው ስደርስ እጄ ከቆየ ልማዱ የተነሣ «ጥቁር» ብሎ ጻፈ። ልዋሽ አስቤ አይደለም፤ ቢበቅል ኖሮ ጥቁር እንደሚሆን እስከ ዛሬ አልጠራጠርም።

ከፊት ለፊቴ ሰባት ዓመት የሚሆነው ልጅ ከእናቱ ጎን ተቀምጧል። ያ እርስዎን እንቅልፍ የሚነሣዎ ቀይና ቢጫ ምልክት ደረቱ ላይ ያለበት ሰማያዊ ሹራብ ለብሷል፤ ከጀርባው ቀይ ካባ ተንጠልጥሏል። እናቱ በሰንሰለት የታሰረውን፣ ቀለሙ ያለቀ እስክሪብቶ እያራገፈች ከቅጹ ጋር ስትታገል፣ ልጁ ዓይኑን ከራሴ ላይ አላነሣም። በመጀመሪያ ከእናቱ ክንድ ሥር ተሸሸገ፤ ቀጥሎ በአንድ ዓይኑ አጮለቀ፤ ከዚያም ድፍረቱን አሰባስቦ ጣቱን ቀሰረና አዳራሹ ሁሉ በሚሰማው ድምፅ «ማሚ፣ ሌክስ ሉተር!» አለ።

አዳራሹ ሳቀ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ቁጥሩ ሳይጠራ የተቀመጠ ሕዝብ የሚስቅበት ነገር ሲያገኝ አይቆጥብም፤ በር ላይ የቆመው ጥበቃ ሳይቀር ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁት። እናትየው መልኬን አይታ የአገሯ ሰው መሆኔን ስላወቀች፣ በአማርኛ «ይቅርታ ጋሼ፣ ሰሞኑን ፊልሙን አይቶ ነው» አለችኝ። ክቡር ሆይ፣ እኔ የ42 ዓመት ሰው ነኝ፤ እሷ ከእኔ ብታንስ በሁለት ዓመት ነው። ጋሼ ያሰኘኝ ዕድሜዬ ሳይሆን የእርስዎ ራስ ነው። ነገሩን ላበርድ ብዬ ለልጁ ፈገግ ብልለት፣ «ይኸው፣ ሲስቅም እንደሱ ነው» ብሎ ለእናቱ ተጨማሪ ማስረጃ አቀረበላት።

ተራዬ ደርሶ መስኮቱ ጋ ስቀርብ ሠራተኛዋ ቅጹን አየች፤ ራሴን አየች፤ መልሳ ቅጹን አየች። «ጥቁር?» አለችኝ። መልሴንም ሳትጠብቅ ሰረዘችውና ለመላጣ የተመደበውን ምህጻረ ቃል ጻፈችበት፤ ለእኛ የተለየ ምህጻረ ቃል እንደተዘጋጀልን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። ለፎቶ ስቆም ደግሞ ብርሃኑ ከግንባሬ እየነጠረ ስላስቸገራት አገጬን ዝቅ፣ ከዚያ ትንሽ ዝቅ፣ ከዚያ ሌላ ትንሽ ዝቅ አስደረገችኝ። የወጣው ፎቶ ከቅንድቡ ሥር ሽቅብ የሚያይ፣ ከንፈሩን የገጠመ፣ አንድ ከተማ በሚሳይል ሊመታ የተሰናዳ ሰው ነው። ይህ ፎቶ ለዓመታት ከኪሴ አይወጣም።

የቀረው ክፍያ ብቻ ነበር። ገንዘቡ ከ50 ዶላር አይበልጥም፤ ነገር ግን የቤት ኪራይ ሰኞ ወጥቶ ደመወዝ ዓርብ ለሚገባለት ሰው ማክሰኞ ምን ዓይነት ቀን እንደሆነ ወገኖቼ ያውቁታል። ማሽኑ ካርዴን አልተቀበለውም። ደግሜ አስገባሁት፤ ማሽኑም ደግሞ ጮኸ። ሁለተኛውን ካርድ ፍለጋ ቦርሳዬን ስበረብር፣ ልጁ በአጠገቤ ካለው መስኮት የእናቱን ቀሚስ ይዞ ቆሞ ሁሉን በጥሞና ይከታተል ነበር። ከዚያም ውሳኔ እንደሚያነብ ዳኛ ረጋ ብሎ፣ «ማሚ፣ እሱ አይደለም፤ ሌክስ ሉተር ብር አለው» አለ።

በዚህ ጊዜ ማንም አልሳቀም። ጥበቃው ጫማውን ተመለከተ። ሠራተኛዋ ያልሰማች መስላ የተስተካከለውን ወረቀት ታስተካክል ጀመር። እናትየው ልጇን ቆነጠጠችው፤ ወደ እኔ ግን ቀና ብላ ለማየት አልደፈረችም። ሰው ሁሉ ከሚስቅብዎ ይልቅ ሰው ሁሉ ሲያዝንልዎ እንዴት እንደሚከብድ፣ በባንክ ሒሳብዎ ምክንያት አያውቁትም።

ያቃጠለኝ ያለ ምክንያት አይደለም። በሃያ ስድስት ዓመቴ ፀጉሬ ከፊት መሸሽ ሲጀምር አክስቴ ራሴን ዳብሳ «መላጣ የሀብት ምልክት ነው፤ ታገሥ» ብላኝ ነበር። ታገሥኩ። አሥራ ስድስት ዓመት ታገሥኩ። ምልክቱ ከነሙሉ ክብሩ መጣ፤ ሀብቱ ግን ሜትሮፖሊስ ቀረ።

ለመሆኑ ይህ መላጣ የእርስዎ ነው? ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ልጥቀስ። በ1940 የሱፐርማን ፈጣሪዎች ጄሪ ሲገልና ጆ ሹስተር ወደዚህ ዓለም ሲያመጡዎ ቀይ ፀጉር ነበረዎ። በዓመቱ፣ በጋዜጣ በሚወጣው ሥዕላዊ ታሪክ ላይ መላጣ ሆነው ብቅ አሉ፤ ነገሩም የሠዓሊ ስሕተት እንደነበር ይነገራል። ሠዓሊ ተሳስቶ የሰጠዎን እርስዎ መለያዎ አደረጉት፤ እኔ ከአያት ከቅድመ አያቴ የወረስኩትን ግን ከእርስዎ እንደኮረጅሁ ተቆጠረብኝ። በ1960 ደግሞ ለመላጣው ምክንያት ተፈለገለትና፣ በወጣትነትዎ ቤተ ሙከራዎ ሲቃጠል ሱፐርቦይ (ልጅ ሳለ ሱፐርማን የሚጠራበት ስም ነው) እሳቱን እፍ ብሎ ሲያጠፋልዎ ኬሚካል ተደፍቶ ፀጉርዎን አረገፈው፣ ቂሙም ከዚያ ጀመረ ተባለ። ከእሳት ያወጣዎን ሰው ስለ ፀጉር ዕድሜ ልክ ማሳደድ! የእኔም ረግፏል፤ የወሰድኩት እርምጃ ኮፍያ መግዛት ብቻ ነው።

ለመላጣነቱ እንኳ ታማኝ አይደሉም። በ1978ቱ ፊልም የካሊፎርኒያን ዳርቻ ባሕር ውስጥ ጥለው የበረሃ መሬትዎን የባሕር ዳር ቦታ ሊያደርጉ ሲያሤሩ (የቤት ኪራይ የሚጨምር ሰው ከሩቅ ያስታውቃል)፣ እስር ቤት እስኪጣሉ ድረስ ዊግ ሲለዋውጡ ከረሙ። በ1990ዎቹ መጀመሪያ፣ ሱፐርማንን በሚያደክመው ድንጋይ በክሪፕቶናይት የተሠራው ቀለበትዎ ካንሰር ሲያስይዝዎ፣ በክሎኒንግ የተሠራ ወጣት ሰውነት ውስጥ ገብተው፣ የራስዎ ልጅ ነኝ እያሉ፣ ቀይ ፀጉርና ጢም አንዠርግገው ተመለሱ። እንግዲህ ፀጉር የሚመለስበት መንገድ በእጅዎ ነበረ ማለት ነው። ለገበያ ቢያወጡት ኖሮ ሱፐርማንን ሳይነኩ ዓለም በእጅዎ ይገባ ነበር፤ ከእኔ ደመወዝ ብቻ ግማሹ ይደርስዎ ነበር።

በ1978 ለልጆች በታተመ መዝገበ ቃላት ውስጥ 40 ኬክ መውሰድዎ ተጽፏል። ሀብታም ኬክ ይሰርቃል?

በ2000 ደግሞ በኮሚክሱ ዓለም የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ሆነው ተመረጡ። እኔ ቅዳሜና እሑድ በመኪናዬ ሰው ለማመላለስ ስመዘገብ የኋላ ታሪኬ ተፈትሾ፣ አንዲት የፍጥነት ቅጣት ተገኝታብኝ፣ ሦስት ሳምንት ስጠብቅ ከርሜአለሁ።

የከፋው ግን የ1986ቱ ነው። እስከዚያ ድረስ ከእስር ቤት እያመለጡ መሣሪያ የሚፈለስፉ እብድ ሳይንቲስት ነበሩ፤ ሰውም ሲያይዎ ይሸሽ ነበር። በዚያ ዓመት የኮሚክስ ደራሲውና ሠዓሊው ጆን በርን የሱፐርማንን ታሪክ እንደ አዲስ ሲጽፈው፣ እርስዎ ሱፍ ልብስ ለብሰው የከተማው ትልቁ ቀጣሪ ሆነው ተገኙ። ከዚያ ወዲህ የሚይዝዎ ጠፋ፤ እጅ የሚነሣዎ በዛ። በ1987 አንዲት ሠራተኛዎ ኮምፒውተሩ ጋዜጠኛው ክላርክ ኬንት ሱፐርማን ነው ብሎ ያወጣውን ትክክለኛ ውጤት ስታቀርብልዎ፣ ይህን ያህል ኃይል ያለው ሰው ተራ ሰው መስሎ አይኖርም ብለው እዚያው አባረሯት፤ ይህን ዓይነቱን አለቃ ለወገኖቼ ማስተዋወቅ አይጠበቅብኝም።

በዚያው ዓመት ያደረጉት ሌላ ነገር አለ፤ ሕንፃ ስላልፈረሰበት ማንም አያነሣብዎትም። ከሜትሮፖሊስ 900 ማይል ርቆ ባለ የመንገድ ዳር ምግብ ቤት ገቡ። ለአንዲት ባለትዳር አስተናጋጅ አንድ ሚሊዮን ዶላር እሰጥሻለሁ፣ አንድ ወር ከእኔ ጋር ትኖሪያለሽ፣ ለመወሰን አሥር ደቂቃ አለሽ ብለዋት ወጡ። እሷ ስትጨነቅ፣ መልሷን ሳይሰሙ መኪናዎን አስነሥተው ሄዱ። ሴቲቱን አልፈለጓትም። የፈለጉት ምን ብላ ትመልስ እንደነበር ዕድሜዋን ሙሉ ራሷን እየጠየቀች እንድትኖር ነው።

እህቴ አስተናጋጅ ናት። ዘጠኝ ዓመት ትሪ ተሸክማለች። ማታ ማታ እግሯን ለብ ባለ የጨው ውኃ እየዘፈዘፈች የምትነግረኝ አንድ ደንበኛ አለ፤ ገና ሲቀመጥ ሃያ ዶላር በአንድ በአንድ ብር ዘርዝሮ ጠረጴዛው ላይ ይደረድርና፣ ውኃ በዘገየ፣ ሹካ በጎደለ ቁጥር አንዷን አንሥቶ ወደ ኪሱ ይመልሳል፤ እያያት። ያ ሰው ሕንፃ የለውም፣ ሮኬት የለውም፣ ያለው ሃያ ዶላር ነው፤ ሥራው ግን ያንተው ነው። አንተስ ምን ጎድሎህ ነው? ከተማው ያንተ፣ ሕንፃው ያንተ፣ በልተህ ጠጥተህ የተረፈህ ሰው፣ በሰዓት የምትከፈልን ሴት አሥር ደቂቃ ወስደህ ምን ልታደርገው ነው? በሰማይ የሚበረው ላይ መድረስ ሲያቅትህ ትሪ የያዘችውን ትረግጣለህ! በ2025ቱም ፊልም ያው ነህ፤ ሱፐርማንን ማናዘዝ ሲያቅትህ በሽጉጥ የገደልከው ፈላፍል ሻጩን ነው። ፈላፍል ሻጩን!

ይቅርታ፣ አንቱታው አምልጦኝ ነው። ወደ ጉዳዬ ልመለስ።

ከእርስዎ የምጠይቀው ብዙ አይደለም። ወደፊት በሚሠራ ፊልም ላይ ያን ዊግዎን መልሰው ቢያደርጉ፣ ወይም የ1940ውን ቀይ ፀጉርዎን ቢያስመልሱ ይበቃኛል። ይህ የማይቻል ከሆነ ግን የዚህ አቤቱታ አቅራቢ ከእርስዎ ጋር በራስ እንጂ በሥራም ሆነ በጥቅም ግንኙነት እንደሌለው የሚገልጽ፣ ፊርማና ማኅተም ያረፈበት «ለሚመለከተው ሁሉ» ደብዳቤ እንዲጻፍልኝ አመለክታለሁ። የአገልግሎት ክፍያ ካለው ከዓርብ በኋላ ቢሆንልኝ እመርጣለሁ።

ከሰላምታ ጋር
ማክሰኞ ዕለት በስሕተት ሌክስ ሉተር የተባለው

አባሪ፦ ጊዜያዊ የመንጃ ፈቃድ ቅጂ፣ አንድ ገጽ፤ ፎቶው በጥቁርና ነጭ ስለሆነ የበለጠ እርስዎን ይመስላል።

ግልባጭ፦ ለአክስቴ። ምልክቱ ደርሶኛል፤ ቀሪውን እየጠበቅሁ ነው።