ከነገ የሚደወል ስልክ

ጎረቤቶቻችን ሚስዮናውያን ሆነው በፓስፊክ ውቅያኖስ ወዳለችው የደሴቶች አገር ወደ ቶንጋ ሲሄዱ የቤታቸውን ቁልፍ፣ ሦስት የአበባ ማሰሮና አንዲት ያረጀች ቶዮታ ለእኔ በአደራ ሰጡኝ። የምንኖረው አሜሪካ፣ ሶልት ሌክ ሲቲ ነው። ጡረታ የወጡ ባልና ሚስት ሻንጣቸውን ሸክፈው፣ በራሳቸው ወጪ፣ ለ18 ወር ለአገልግሎት ባሕር ቢሻገሩ እዚህ ከተማ ማንም ዞሮ አያያቸውም። ሁለቱም ሰባን አልፈዋል። በስማችን ጥራን ቢሉኝም ምላሴ እሺ ስላላለኝ፣ እኔና ባለቤቴ "ጋሼ" እና "እትዬ" ነው የምንላቸው። ብዙው ሰው ሞርሞን የሚላቸው ምእመናን ናቸውና ቡና አይጠጡም። እኛ ቤት ሲመጡ ፈንድሻውን እየቆረጠሙ የቡናውን ጭስ በአፍንጫቸው ይስባሉ። በአፍንጫ መጠጣት የተከለከለ አይመስለኝም።

የሚደውሉልኝ እሑድ እሑድ ነው፤ በእነሱ እሑድ። በበረዶው ወራት ቶንጋ ከእኛ በ20 ሰዓት ትቀድማለች። እነሱ ምሳቸውን በልተው ከቀኑ 8 ሰዓት ሲሆን፣ እኔ ገና ቅዳሜ ምሽት 12 ሰዓት ላይ ልብስ ማጠቢያ ቤት ቁጭ ብዬ የካልሲ ጓደኛ እፈልጋለሁ።

"ጋሼ፣ ነገ እንዴት ነው?"

"ነገ ይሞቃል!" ይሉኛል።

ሲሄዱ ሥራቸው በሰንበት ቤት የሚቀረውን ሰው እያበረታቱ ወደ ቤተ ክርስቲያን ማምጣት ነበር። ችግሩ የተመደቡበት አገር ነው። ቶንጋ 100 ሺህ ያህል ሰው የሚኖርባት፣ እሑድ በሕገ መንግሥት የሚከበርባት አገር ናት። እ.ኤ.አ. በ1831 የተጠመቀው አለቃ በኋላ ቀዳማዊ ጆርጅ ቱፑ ተብሎ ነገሠ፤ በ1875 ሕገ መንግሥት ሲያውጅም ሰንበትን አንቀጽ 6 ላይ አስቀመጣት። ሰንበት ትከበራለች፤ ሕግ ከፈቀደው በቀር አይሠራባትም፣ አይነገድባትም፤ በዕለቱ የተደረገ ውልም ፈራሽ ነው። ይህቺን ውል የምትባል ነገር ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

የመጀመሪያው እሑድ ለእትዬ መጥፎ ነበር። ማለዳ ተነስተው፣ ፀሐይዋ አታልላቸው፣ ሁለት አንሶላና የጋሼን ሸሚዞች አጥበው ገመድ ላይ አሰጡ። ማንም ምንም አላላቸውም። የጎረቤት ሴት ልጅ ብቻ ነጭ ቀሚሷን እንደለበሰች መጥታ፣ እርጥቡን ልብስ አንድ በአንድ አውርዳ፣ አጣጥፋ፣ በሁለት እጇ አስረከበቻቸው። ፈገግ ብላ ሄደች። "ተቆጥታኝ ቢሆን ይሻለኝ ነበር" አሉኝ እትዬ። ሸሚዞቹ መታጠቢያ ቤት ተንጠልጥለው ሰኞን ጠበቁ።

ያው ቀን ቤተ ክርስቲያን ሌላ ጉድ ጠበቃቸው። እትዬ ሠላሳ ዓመት መዘምራን የመሩ ሴት ናቸው። ለደሴቱ ሕዝብ ዜማ ማስተማር አለብኝ ብለው የመዝሙር መነሻ ድምፅ የምትሰጥ ትንሽ የፉጨት መሣሪያ ገዝተው በቦርሳቸው ይዘው ሄደዋል። ገና ፉጨቷን ፈልገው ሳያገኟት፣ ከኋላ አንድ ገበሬ የሚመስል ሰውዬ አንዲት ቃል ጣለ፤ ቤቱ በሙሉ፣ ሕፃን የታቀፈችው ሳትቀር፣ በአራት ድምፅ ተቀበለው። መስኮቱ ነዘረ። እትዬ ፉጨቷን ሲያገኟት መልሰው ቦርሳቸው ሥር ቀበሯት፤ እስካሁንም እዚያው ናት።

ጋሼ ደግሞ ነገራቸው በአለባበስ መጣ። እዚያ ወንድ ልጅ በሰንበት ቱፔኑ የሚባል ሽርጥ ያገለድማል፤ ከላይ ታኦቫላ የሚባል የተጎነጎነ ምንጣፍ ወገቡ ላይ ጠምጥሞ በገመድ ያስራል። ያለ ታኦቫላ ታላላቆች ፊት መቅረብ ነጠላ ሳይለብሱ ቅዳሴ እንደ መግባት ያለ ነገር መሰለኝ። ጋሼ አዲስ፣ የሚያብለጨልጭ ገዙ። ቤተ ክርስቲያን ሲገቡ ፊት ወንበር ላይ ጫፉ የተበጣጠሰ፣ ቀለሙ የጠፋ ምንጣፍ የታጠቁ አንድ አባት አዩና አንጀታቸው ተላወሰ። ከጸሎት በኋላ ጠጋ ብለው "አዲስ ልግዛልዎት" አሉ። ሰውየው ሳቁ፣ ልጆቻቸው ሳቁ፣ የአስተርጓሚው ትከሻም ተንቀጠቀጠ። ምንጣፉ ከአያት የወረደ ኖሯል። ባረጀ ቁጥር ክብሩ ይጨምራል፤ የሚታዘንለትስ እንደ ጋሼ ትናንት ከገበያ የገዛ ነው።

ስለ ምግቡ ግን ጋሼ ሲያወሩ ድምፃቸው ይለወጣል። ሰው ወደ ቤተ ክርስቲያን ከመሄዱ በፊት ጉድጓድ ውስጥ ድንጋይ ያግላል፤ ምግቡን ደርድሮ በቅጠል ሸፍኖ አፈር ያለብሰዋል። ኡሙ ይሉታል። ስብከቱ ሲረዝም ምግቡ ይበስላል፤ ስለዚህ ረጅም ሰባኪ እዚያ የሚጠላ አይመስለኝም። ዋናው ሉ ነው፤ የኮኮናት ወተትና የቆርቆሮ ሥጋ በጎደሬ ቅጠል ተጠቅልሎ የበሰለ። እኛ ጎደሬን ከሥሩ ብቻ ነው የምናውቀው፤ ቅጠሉን ለማን ትተንለት እንደኖርን እንጃ። እንግዳ ይቀድማል፣ ልጆች ይከተላሉ። "ካይ! ካይ!" ይሏቸዋል፤ ብሉ ማለት ነው። በቃኝ ማለት የሚያስቀይም መሆኑን ሲነግሩኝ በሞቴ እየተባለ ላደገ ሰው እንደ አዲስ ወሬ ማውራታቸው አሳቀኝ።

መከራው በወሩ የመጀመሪያ እሑድ ነው። በእነ ጋሼ ሥርዓት ያ ቀን ጾም ነው፤ ሁለት ማዕድ ይታለፋል። የዌስሊ ቤተ ክርስቲያን ተከታይ የሆኑት ጎረቤቶቻቸው ግን አይጾሙም፤ ልክ ጉድጓዱ እንደ ተከፈተ ትኩስ ሉ በሳህን ይልካሉ። ተመልሶ አይላክም፣ አይበላም። ጋሼ ተቀብለው ማቀዝቀዣ ውስጥ ይቆልፉበታል። አንድ ጊዜ በቪዲዮ ስንነጋገር ከኋላቸው የማቀዝቀዣው በር ሲከፈት አየሁ። "ሙቀቱን እያየሁ ነው" አሉ እትዬ።

ከምሳ በኋላ አገሩ ይተኛል። በመንገዱ ላይ የሚታየው አንቀጽ 6 የማይመለከተው አሳማ ብቻ ነው። እንግዲህ ከነዚህ እሑዶች በአንዱ፣ ጋሼ ሉ ጠግበው ዓይናቸው ሊከደን ሲል ደወሉና "ያቺን ቶዮታ በ2,000 ዶላር ለምን አትወስዳትም?" አሉኝ። ካልሲዬን ጥዬ እሺ አልኩ። የጠገበ ሰው ሲሸጥ አይከራከሩትም።

በ18 ወራቸው ተመለሱ። ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ እኛ ቤት ጠራናቸው። ገንዘቡን በፖስታ አዘጋጅቼ ነበር። ጋሼ ፖስታውን ሳይነኩ "ዋጋው 2,500 ነው" አሉ።

"ተስማምተን ነበር እኮ!"

"እሑድ ነበር። አንቀጽ 6፤ ፈራሽ ነው።"

"እኔ ዘንድ ቅዳሜ ነበር፣ ጋሼ! የልብስ ማጠቢያው ቤት ይመስክር!"

ባለቤቴ ስኒውን ይዛ ቆመች። እትዬ ፈንድሻቸውን አስቀምጠው፣ እንደ ዳኛ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ውሉ በእሱ በኩል ፈርሷል፣ በዚህ በኩል ጸንቷል፤ ስለዚህ ልዩነቱን ትካፈላላችሁ፣ 2,250 ብለው ፈረዱ። መቼም ፍርድ ነው፤ ለመጨባበጥ እጄን ዘረጋሁ። ጋሼ ግን እጃቸውን ሳያነሱ ግድግዳዬ ላይ ወደተሰቀለው የቀን መቁጠሪያ በአገጫቸው አመለከቱኝ።

"ፍርዱም አይጸናም" አሉ። "ዛሬ እሑድ ነው።"